ቁጥር የበሽታ ስም ሲሆን፦ የደም ሕዋሳት ማነስ መንስኤ በሚፈለግበት ልማድ ላይ የቀረበ ሂስ

መንደርደሪያ

በሕክምና ካርዶችና በሪፈር ወረቀቶች ላይ፣ የበሽታ ስም በሚጻፍበት መስመር፣ «ፓንሳይቶፒንያ» የሚለው ቃል ብቻውን ሰፍሮ መገኘቱ የተለመደ ነው። ቃሉ ቀይ የደም ሕዋሳት፣ ነጭ የደም ሕዋሳትና ፕሌትሌቶች በአንድነት ከመደበኛው መጠን በታች መውረዳቸውን ይገልጻል፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም የለውም። ትኩሳት ምልክት እንጂ የበሽታ ስም አለመሆኑን የማያውቅ የጤና ባለሙያ የለም። የሦስት ቁጥሮች ዝቅ ማለት ግን ከመሣሪያ ታትሞ የወጣ በመሆኑ ብቻ የተለየ ክብር ይሰጠዋል፤ ጥያቄው የተመለሰ ያህልም ፍለጋው ይቆማል።

ጉዳዩ የቃላት አጠቃቀም ብቻ ቢሆን ኖሮ ሂስ ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን በዚህ አንድ ቃል ሥር በጥቂት ሳምንታት ሕክምና የሚድነው ካላአዛር፣ በርካሽ መርፌ የሚስተካከለው የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ በቀናት ውስጥ በደም መፍሰስ ሊገድል የሚችለው አጣዳፊ ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኪሚያ፣ አንድን መድኃኒት በማቋረጥ ብቻ የሚመለሰው የመቅኒ መዳከም፣ እንዲሁም ምንም በሽታ የሌለበት የናሙና ስህተት ጎን ለጎን ይገኛሉ። ለአንዱ የሚበጀው ሕክምና ሌላውን ይጎዳል። በመሆኑም መንስኤውን የመለየቱ ሂደት የት የት ላይ እንደሚሰናከል መመርመር ተገቢ ይሆናል።

ከሊቦ ከምከም የሚገኝ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ2005 በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ የተከሰተው የካላአዛር ወረርሽኝ ለዚህ ውይይት ከሁሉ የቀረበ ምሳሌ ነው። ለረጅም ጊዜ የቆየ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፣ የሰውነት መክሳትና የደም ማነስ የታየባቸው የአካባቢው ነዋሪዎች ሕመም በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ እንደሆነ ተገምቶ ነበር። በኋላ በላቦራቶሪ ሲረጋገጥ በሽታው ካላአዛር ሆኖ ተገኘ፤ ሕክምናውም በአዲስ ዘመን ከተማ መሰጠት ጀመረ። ወረዳው ከዚያ ቀደም ካላአዛር በስፋት የማይታወቅበት ከፍተኛ ቦታ ነበር። ለሥራ ወደ ሑመራና መተማ ቆላ ወርደው የሚመለሱ ወቅታዊ ሠራተኞች በሽታውን ይዘው ሳይመጡ እንዳልቀሩ በወቅቱ ታምኗል።

ስህተቱ ምልክቶቹን ካለማየት የመነጨ አልነበረም። ትኩሳቱም፣ ጣፊያውም፣ መክሳቱም ታይተዋል። የጎደለው ጥያቄው ነው። «ይህ በሽታ በዚህ አካባቢ የለም» የሚለው እምነት ምርመራውን አስቀድሞ ዘግቶታል። ለወባ የተሰጠው መድኃኒት ሳይሠራ ሲቀርም ጥርጣሬው ያረፈው በመድኃኒቱ ላይ ነበር። መጠየቅ የነበረበት ግን የበሽታው ስም ራሱ ነው።

ዛሬም ትኩሳት ያለበትና ነጭ የደም ሕዋሱ ያነሰ ታካሚ በአንድ የዊዳልና የዌይል ፊሊክስ ምርመራ ብቻ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ ሲታከም የሚታየው ይኸው የአስተሳሰብ ስንኩልነት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል በሽታው በሰፊው በሚገኝበት አገር የቀድሞ መጋለጥን ከአሁን ሕመም አይለይም። በዚህ ደካማ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ክሎራምፌኒኮል ሲታዘዝ ደግሞ፣ መቅኒን በማዳከም የሚታወቅ መድኃኒት የደም ሕዋሱ አስቀድሞ ለወረደ ሰው ተሰጠ ማለት ነው።

ቁጥሩ እውነት ነውን?

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ ናሙናው መሆን ይገባዋል። ግሉኮስ ወይም ሳላይን እየወረደበት ካለ ክንድ የተቀዳ ደም ይቀጥናል፤ ሦስቱም ሕዋሳት ባንድነት ያነሱ መስለው ይታያሉ። በቱቦው ውስጥ በከፊል የረጋ ደምም የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። በአንዳንድ ሰዎች ደም ላይ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ፕሌትሌቶችን እርስ በርስ ስለሚያጣብቅ መሣሪያው ሊቆጥራቸው አይችልም፤ ስላይዱ ሲታይ ግን ፕሌትሌቶቹ በቁልል ይገኛሉ።

ከታካሚው ሁኔታ ጋር የማይጣጣም ቁጥር በተገኘ ጊዜ ናሙናውን ደግሞ መቅዳት የላቦራቶሪ ባለሙያውን መጠራጠር ሳይሆን ሥራውን ማክበር ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከዋርድ ወደ ላቦራቶሪ የሚደረግ የሁለት ደቂቃ ንግግር ብዙ አላስፈላጊ ምርመራና ደም መስጠትን ያስቀራል።

መደበኛው የማን መደበኛ ነው?

በውጤት ወረቀቱ ጠርዝ ላይ የታተመው «መደበኛ መጠን» በአብዛኛው ከመሣሪያው ጋር ከውጭ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 የታተሙ ጥናቶች የአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ የሚታየው ዝቅተኛ የኒውትሮፊል መጠን በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የዳፊ አንቲጅን እንዳይኖር ከሚያደርገው የጂን ልዩነት ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። እነዚህ ሰዎች ጤነኞች ናቸው፤ ኒውትሮፊላቸው ከ1,500 በታች ቢሆንም ለኢንፌክሽን የተለየ ተጋላጭነት የለባቸውም። በእስራኤል በሚኖሩ የኢትዮጵያና የየመን ተወላጅ አይሁዶች ዘንድም ይኸው ክስተት በሕክምና ጽሑፎች ላይ ከቀድሞ ጀምሮ ተመዝግቧል። በኢትዮጵያ ውስጥ ዳፊ ያላቸውም የሌላቸውም ሰዎች አብረው ስለሚኖሩ አንድ ቁጥር ለሁሉም ሊሠራ አይችልም።

የሄሞግሎቢንም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ከፍታ ሄሞግሎቢንን እንደሚጨምር በመጻሕፍት ይነገራል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለከፍታ ማስተካከያ ያስቀምጣል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የተደረገ ጥናት የነዋሪዎቹ ሄሞግሎቢን በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። ስለዚህ ለአንዲስ ተራሮች ነዋሪ የሚሠራውን ማስተካከያ በደጋ ኢትዮጵያዊ ላይ እንዳለ መጫን ጤነኛውን ሰው «ደም አንሶታል» ሊያሰኝ ይችላል።

ይህ ማለት ግን ዝቅተኛ ነጭ የደም ሕዋስን ሁሉ በዘር ሐረግ ማሳበብ ይቻላል ማለት አይደለም። የዳፊ አለመኖር ሄሞግሎቢንንም ፕሌትሌትንም አይቀንስም። ሁለተኛው የሕዋስ ዘር መውረድ በጀመረበት ቅጽበት ይህ ማብራሪያ ያበቃል።

ስላይዱን ማን አየው?

አውቶማቲክ የደም መቁጠሪያ መሣሪያ በሆስፒታሎችና በጤና ጣቢያዎች መስፋፋቱ ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም መሣሪያው የሰጠውን ያህል የነሣውም ነገር አለ፤ በማይክሮስኮፕ ደምን የማንበብ ልማድ ደክሟል። ነጭ የደም ሕዋሳትን በሦስት ብቻ የሚከፍል መሣሪያ ጥቂት ብላስት ሕዋሳትን ለይቶ ሊያሳይ አይችልም። «ፔሪፈራል ሞርፎሎጂ» ተብሎ የታዘዘው ምርመራ ሳይሠራ የሚቀርበት፣ ወይም «ፓንሳይቶፒክ የደም ገጽታ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህ መልስ ለሐኪሙ አስቀድሞ የሚያውቀውን ቁጥር በሌላ ቋንቋ ከመድገም ያለፈ ጥቅም የለውም።

በራይት የተቀባ አንድ ስላይድ ብዙ ይናገራል። አምስትና ከዚያ በላይ ክፍልፋይ ያላቸው ኒውትሮፊሎችና ትልልቅ ሞላላ ቀይ ሕዋሳት ወደ ቢ12 ወይም ፎሌት እጥረት ያመለክታሉ። የእንባ ቅርጽ ያላቸው ቀይ ሕዋሳት ከኒውክሊየስ ጋር ካሉ ያልበሰሉ ሕዋሳት ጋር ሲገኙ መቅኒው በባዕድ ነገር መወረሩን ያስጠረጥራሉ። ብላስት ሕዋስ ከተገኘ የሰዓታት ጉዳይ ይሆናል። የወባ ተውሳክና የግርሻ ትኩሳት ቦሬሊያም በዚሁ ስላይድ ላይ ይታያሉ።

ከስላይዱ ቀጥሎ የሬቲኩሎሳይት ቆጠራ ይመጣል። ይህ ምርመራ አንድ ርካሽ ቀለምና አንድ ማይክሮስኮፕ ብቻ ይጠይቃል፤ መቅኒው እያመረተ ነው ወይስ አቁሟል ለሚለው ዋና ጥያቄም መልስ ይሰጣል። ከውድ ምርመራዎች በፊት መታዘዝ ሲገባው በአብዛኛው ጨርሶ የሚረሳው እርሱ ነው።

ያልተዳሰሰ ጣፊያ

የደም ሕዋሳት የሚያንሱት በሦስት መንገድ ነው፤ መቅኒው ሳያመርት ሲቀር፣ የተመረተው በጣፊያ ሲታገድ፣ ወይም በደም ውስጥ ሲጠፋ። መቅኒው የማያመርተውም ባዶ ስለሆነ፣ በሌላ ነገር ስለተሞላ፣ ወይም ሞልቶ ሳለ ምርቱ ብልሹ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ይህን ክፍፍል ለመጀመር ከሚረዱት ሁሉ ቀዳሚው የሐኪሙ እጅ ነው። ያበጠ ጣፊያ ያለበትን ታካሚ «አፕላስቲክ አኒሚያ» ብሎ መጥራት ራሱን የሚቃረን አባባል ነው፤ በዚያ በሽታ ጣፊያ አያብጥምና። የሆነ ሆኖ የጣፊያ ምርመራ ውጤት ያልተጻፈበት ካርድ ይዞ ለመቅኒ ምርመራ የሚላክ ታካሚ አይጠፋም።

ጣፊያው በጣም ካበጠና ትኩሳትና መክሳት ካሉበት፣ ታካሚው በሑመራ፣ በመተማ፣ በኦሞ፣ በሰገን ወይም በወይጦ ሸለቆ ኖሮ ወይም ሠርቶ እንደሆነ መጠየቅ ግዴታ ነው። በዚህም ላይ የፈጣን ምርመራ ውጤት እንደ መጨረሻ ቃል መወሰዱ ሌላ ሂስ ይገባዋል። አር.ኬ.39 የተሰኘው ምርመራ በምሥራቅ አፍሪካ ያለው የማግኘት አቅም በሕንድ ክፍለ አህጉር ካለው ያነሰ ነው፤ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው በሚገኝ ሰዎች ላይ ደግሞ ይበልጥ ይደክማል። ኔጌቲቭ ውጤት ጥርጣሬን አይሽርም። ቀድሞ ለካላአዛር በታከመ ሰው ላይም ፖዚቲቭ ሆኖ ስለሚቆይ በሽታው ማገርሸቱን አያረጋግጥም። በእነዚህ ሁኔታዎች ተውሳኩን ከሕብረ ሕዋስ መፈለግ ያስፈልጋል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ዘገባ ከጣፊያ የሚወሰድ ናሙና ከ93 እስከ 99 በመቶ፣ ከመቅኒ የሚወሰድ ደግሞ ከ53 እስከ 86 በመቶ የማግኘት አቅም አለው። ይሁን እንጂ የጣፊያው ናሙና ፕሌትሌት ከ40,000 በታች በሆነበትና ደም የመርጋት ችግር ባለበት አይወሰድም፤ ሠልጣኝ እጅና ቅርብ ክትትልም ይጠይቃል።

ትኩሳት የሌለበት፣ በቢልሃርዝያ አካባቢ የኖረና ደም ያስታወከ ሰው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመራል። በጉበት የደም ሥር ግፊት ምክንያት የሚመጣው የጣፊያ እገዳ ብዙ ጊዜ መጠነኛ ነው። ፕሌትሌቱ ከ20,000 በታች ሲወርድ ጣፊያውን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ሌላ በሽታን ሊሸፍን ይችላል።

ማስረጃን የሚያጠፋ ሕክምና

ከሁሉም ልማዶች የከፋው ናሙና ሳይወሰድ የሚጀመር ሕክምና ነው። የተለመዱት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ፎሊክ አሲድን ብቻውን መስጠት ነው። መንስኤው የቢ12 እጥረት ከሆነ ፎሌት የደሙን ቁጥር ሊያሻሽል ይችላል፤ የነርቭ ጉዳቱ ግን ይቀጥላል። ሄሞግሎቢኑ የተስተካከለለት ታካሚ እግሩ እየደነዘዘ፣ መራመድም እየተሳነው ይመለሳል። ቢ12 እጥረትን በጾም ብቻ ማሳበብም እንዲሁ የተጣደፈ ፍርድ ነው። ጉበት የሚያከማቸው ቢ12 ለዓመታት ስለሚበቃ፣ በፋሲካና በገና የእንስሳት ተዋጽኦ የሚመገብ ሰው ላይ ከባድ እጥረት ሲገኝ የጨጓራና የአንጀት መምጠጥ ችግር መኖሩን መመርመር ይገባል። ቢ12 መለካት በማይቻልበት ቦታ መርፌውን ሰጥቶ መጠበቅ ተቀባይነት አለው። ግን ምላሹ መለካት አለበት፤ ሬቲኩሎሳይት በመጀመሪያው ሳምንት ካልጨመረ ግምቱ ስህተት ነበር ማለት ነው። መርፌውን ወጋ አድርጎ ከወር በኋላ መቅጠር ሕክምናም ምርመራም አይሆንም።

ሁለተኛው ስቴሮይድ ነው። መንስኤው ሳይታወቅ የሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን የሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያን ሕዋሳት ለጊዜው አጥፍቶ የመቅኒውን ምስል ያበላሻል፤ ቲቢንና ስትሮንጅሎይድስን ይቀሰቅሳል። ሄሞፋጎሳይቲክ ሊምፎሂስቲዮሳይቶሲስ የተባለው ከባድ ሁኔታ ስቴሮይድ የሚጠይቅ ቢሆንም፣ ቀስቃሹ ካላአዛር ወይም ቲቢ ሊሆን ስለሚችል እነዚህን ሳይፈልጉ እርሱን ብቻ ማከም ታካሚውን አሳልፎ መስጠት ነው።

ሦስተኛው ደም ነው። በደም ማነስ ልቡ ለደከመ ሰው ደም መስጠት ሕይወት ያድናል። ነገር ግን ደሙ ከተሰጠ በኋላ የሚሠራ ስላይድ የሁለት ሰዎችን ደም ያሳያል። ለስላይድ፣ ለሬቲኩሎሳይትና ለቢ12 የሚሆነውን ናሙና ለክሮስማች በሚቀዳበት ጊዜ አብሮ መቅዳት ተጨማሪ ወጋ እንኳ አይጠይቅም።

ከሕክምና ጋር በተያያዘ ያልተጠየቀ መድኃኒትም ሊነሣ ይገባል። በሳምንት አንድ ጊዜ መወሰድ ሲገባው በየቀኑ የተወሰደ ሜቶትሬክሴት፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ዚዶቩዲን፣ የታይሮይድ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ለወራት የሚሰጠው ሊኔዞሊድ የደም ሕዋሳትን ያወርዳሉ። ዚዶቩዲን የቀይ ሕዋሳትን መጠን ስለሚያተልቅ የቢ12 እጥረት መስሎ ያሳስታል። ይህን ሁሉ ለማወቅ የሚያስፈልገው ታካሚው የመድኃኒት ከረጢቱን እንዲያሳይ መጠየቅ ብቻ ነው።

መቅኒው ሲናገርና ሲታለፍ

የመቅኒ ምርመራ በሁለት ጽንፍ ይበደላል። በአንድ በኩል ፕሌትሌት አንሷል ተብሎ ይፈራል፤ በጀርባ በኩል ካለው የዳሌ አጥንት የሚወሰደው ናሙና ግን ቦታው በሚገባ ከተጫነ በፕሌትሌት ማነስ ብቻ አይከለከልም። በሌላ በኩል ደግሞ ስላይድ ሳይታይ፣ ጣፊያ ሳይዳሰስ፣ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ሳይደረግ እንደ መጀመሪያ ምርመራ ይታዘዛል።

በመርፌ የተመጠጠ ናሙና ብቻውን አፕላስቲክ አኒሚያን አያረጋግጥም። ምንም ሳይወጣ ሲቀር መቅኒው ባዶ ነው ተብሎ መደምደሙ ከባድ ስህተት ነው፤ በሉኪሚያ ሕዋስ እጅግ የታጨቀ ወይም ጠባሳ የያዘ መቅኒም በመርፌ አይመጠጥም። የመቅኒውን ሕዋሳት ብዛት ለመፍረድ የአጥንት ቁራጭ ያስፈልጋል። ከባድ አፕላስቲክ አኒሚያ ለመባልም የመቅኒው ሕዋሳት ከ25 በመቶ በታች ሆነው፣ ኒውትሮፊል ከ500 በታች፣ ፕሌትሌት ከ20,000 በታች፣ ሬቲኩሎሳይትም ዝቅተኛ ከሚሉት ሦስት መመዘኛዎች ሁለቱ መሟላት አለባቸው። ይህ ስም ከባድ ፍርድ በመሆኑ ያለ ማስረጃ በታካሚ ላይ ሊወድቅ አይገባም።

የተቃውሞው ሐሳብ

ለዚህ ሂስ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። ቀለም ያልቃል፤ አንድ ሐኪም ብዙ ታካሚ ያያል፤ ፓቶሎጂስት ያለበት ከተማ ሩቅ ነው፤ የመመላለሻውን ወጪ የሚከፍለውም ቤተሰቡ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ደግሞም መጠበቅ የማይቻልበት ጊዜ አለ፤ ኒውትሮፊሉ ከ500 በታች የሆነና ትኩሳት የያዘው ታካሚ አንቲባዮቲኩን በአንድ ሰዓት ውስጥ ማግኘት አለበት፤ የሚደማውም ፕሌትሌት ይሻል። ምርመራ እስኪያልቅ ሕክምና ይቁም የሚል ሂስ ታካሚ ይገድላል።

ነገር ግን ከላይ የተዘረዘሩት ጉድለቶች አብዛኞቹ ከድህነት የመነጩ አይደሉም። ጣፊያን መዳሰስ፣ የት እንደኖረና ምን መድኃኒት እንደወሰደ መጠየቅ፣ ከደም መስጠት በፊት አንድ ቱቦ መቅዳት፣ ስላይዱን ከላቦራቶሪ ባለሙያው ጋር አብሮ ማየት ገንዘብ አይጠይቁም። ውድ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ መንስኤው ሳይታወቅ በየወሩ የሚሰጥ ደም፣ በግምት የሚገዛ መድኃኒት፣ ተዘጋጅቶ ባልተላከ ሪፈር ምክንያት የሚደገም ጉዞ። ከወረዳ የመጣ ታካሚ ከካርዱ ጋር ያልተቀባ ሁለት ደረቅ ስላይድ ይዞ ቢመጣ፣ ደም ከተሰጠውም በኋላ የቀድሞው ደሙ ለተቀባዩ ሐኪም ይታያል።

ማጠቃለያ

«ፓንሳይቶፒንያ» የሚለው ቃል ከካርድ ላይ ይሰረዝ ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ብቻውን መጻፉ ሊቆም ይገባል። ከቃሉ ቀጥሎ የጣፊያው መጠን በሴንቲ ሜትር፣ የሬቲኩሎሳይቱ ቁጥር፣ የስላይዱ ገጽታ፣ የኤች.አይ.ቪ. ውጤት፣ የመድኃኒትና የመኖሪያ ታሪክ፣ በመጨረሻም ሊሆን ይችላል ተብሎ የተገመተው መንስኤ ቢሰፍር ተቀባዩ ሐኪም ከዜሮ አይጀምርም። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው፣ የሆስፒታል ኃላፊዎችም ለማለዳ የታካሚ ሪፖርት ይህን ዝርዝር መለኪያ ቢያደርጉት ቀላል ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያውም «ፓንሳይቶፒክ የደም ገጽታ» ብሎ ከመመለስ ያየውን ሕዋስ በዝርዝር እንዲጽፍ መጠየቅ፣ ጽፎ ሲልክም ማንበብና መልስ መስጠት ከሐኪሙ ይጠበቃል። በሊቦ ከምከም ትኩሳቱን ወባ ነው ያሉት ባለሙያዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ በአካባቢው አለ ተብሎ ያልተነገራቸውን በሽታ ሳይጠይቁ ቀርተዋል። ዛሬ ግን ተነግሯል።